ትዳር አንድ፣ አካውንት ሁለት

«እኛ እኮ አንድ አካውንት ነው የምንጠቀመው» የሚሉ ባልና ሚስት ሲመሰገኑ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቡና ተፈልቶ፣ ወሬው ከኑሮ ውድነት ወደ ልጆች፣ ከልጆች ወደ ስልክ ሲሻገር አንዷ ታነሣዋለች። ሌሎቹ «ተባረኩ፣ ትዳር እንዲህ ነው» ይላሉ። ከመካከል አንዲት ሴት «እኔ እንኳ የራሴ አለኝ» ያለች እንደሆነ ግን ቤቱ ትንሽ ዝም ይላል። ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፦ የምትደብቀው ነገር ባይኖር ኖሮ ለምን ለብቻዋ ከፈተች?

ምስጋናውም ዝምታውም ትክክል አይደሉም። ባልና ሚስት አንድ የአፕል ወይም አንድ የጉግል አካውንት በሁለት ስልክ ላይ ከፍተው መኖራቸው የመተማመን ምልክት አይደለም። ሁለት ሰዎችን በአንድ ሰው ስም መመዝገብ ነው፤ ከዚህ የሚመጣው መዘዝም የሚያርፈው በዚያው እንጠብቀዋለን ባልነው መተማመን ላይ ነው። የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔና ባለቤቴ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ አካውንት ኖረናል፤ እኔም በዚያ የቡና ወሬ ላይ በኩራት ከተናገሩት አንዷ ነበርኩ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንመን። አብዛኞቹ ባለትዳሮች «አንድ አካውንት ይሁንልን» ብለው ተመካክረው አልወሰኑም። ስልክ ሲገዛ የሞባይል ቤቱ ልጅ «ኢሜይል አላችሁ?» ይላል፤ ባል የራሱን ይነግረዋል። ከዓመት በኋላ ለሚስት ስልክ ሲገዛ «ያው በነበረው ይግባልሽ» ይባላል፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። እኛም ቤት የሆነው እንዲሁ ነው። የፍቅር ውሳኔ ብለን የምናወድሰው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ ውስጥ በችኮላ የተደረገ ነገር ነው። ስሙን ያገኘው በኋላ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው አካውንትን እንደ ጎተራ ከማየት ነው። ጎተራ የጋራ ቢሆን ምንም አይደለም፤ እሱ ይጨምርበታል፣ እሷ ትወስድበታለች። አካውንት ግን ጎተራ አይደለም፤ ማኅተም ነው። ኩባንያው ዘንድ ባል የሚባል፣ ሚስት የምትባል የለችም። አንድ ኢሜይል፣ አንድ ይለፍ ቃል፣ አንድ ሰው፤ በቃ። ሁለት ስልክ ሲገባበት «ይህ ሰው ሁለት ስልክ አለው» ብሎ ይይዘውና ሥራውን በታማኝነት ይሠራል። በአንዱ ስልክ ላይ ያለውን በሌላው ላይ ያመጣል፤ ከአንዱ የተሰረዘውን ከሌላውም ይሰርዛል። አይክላውድ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 ሲጀመር የታሰበው አንድ ሰው ከስልኩ ወደ ታብሌቱ፣ ከታብሌቱ ወደ ኮምፒውተሩ ሲሄድ ያው ነገር እንዲጠብቀው ነው። ለአንድ ሰው የተሠራውን ነው እኛ ለሁለት ሰው ያደረግነው።

ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን ለማጽዳት ተቀመጠ። የማያውቃቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሰረዘ፦ «ልብስ ሰፊ አዲሷ»፣ «የእድር ጸሐፊ»፣ «ሞግዚት የድሮዋ»፣ «ዶክተር የቆዳ»። እሱ የማያውቃቸው የእኔ ሰዎች ነበሩ። እኔ ደግሞ እናቴን «እማ» ብዬ ነው ያስቀመጥኳት፤ እሱም የራሱን እናት «እማ» ብሎ። ሁለቱ «እማ»ዎች በአንድ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ስልኩ «ተደጋጋሚ ስም አለ፣ ላዋህደው?» ሲል ጠየቀ፤ እሱም አዎ አለ። ከሳምንት በኋላ አማቴን ሌሊት አመማቸው። ባለቤቴ «እማ» ብሎ ደወለ፤ በድንጋጤ ከእንቅልፏ የተነሣችው የእኔ እናት ናት። ያን ሌሊት ማንም ከማንም ምንም አልደበቀም፤ ማንም አልዋሸም። ሁለት ልጆች እናታቸውን በገዛ አንደበታቸው በጠሩበት ስም የተነሣ ነው የተወዛገብነው።

ይህ ቀላሉ ነው። የጠፋ ቁጥር ይለመናል፣ ይሞላል። አሁን የምነግራችሁ ግን አልተሞላም።

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ነው የምትሠራው። ስትሄድ ልጇ የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ጋር አዲስ አበባ ቀረች። በመጀመሪያው ዓመት ያገለገለ አይፎን ገዝታ በሰው እጅ ላከችለት። ስትልከው የራሷን አካውንት ከፍታበት ነው፤ ሆን ብላ። እሱ ፎቶ ባነሣ ቁጥር «ላክልኝ» ሳትለው እሷ ጋ እንዲደርሳት። ደግሞም ይደርሳት ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ስልኳን ስትከፍት ልጇ ትናንት ምን እንደሆነች ታያለች፤ ለጥምቀት የሐበሻ ልብስ ለብሳ፣ ሳሎን ውስጥ የአባቷን ጫማ አድርጋ፣ ኬጂ የገባች ቀን ቦርሳዋ ከጀርባዋ ሰፍቶ። ከቦታ ክፍያ ውጪ ምንም አይጠይቃትም፤ እሱንም በየወሩ ትከፍላለች። ለሁለት ዓመት ያህል ያ አካውንት ልጇን ያሳደገችበት መስኮት ነበር። ይህን አልክድም። አንድ አካውንት የሚሰጠው ደስታ ባይኖር ኖሮ ማንም አይወደውም ነበር።

ስልኩ 64 ጊጋ ነው። የልጅቷ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ሳይሆን የእናቲቱም የዱባይ ፎቶዎች ሁሉ አብረው ይወርዱበት ነበር። አንድ ቀን «ቦታ ሞልቷል» አለ። ባልየው ፎቶ ማንሣት አቃተው፤ ቴሌግራም መክፈት አቃተው። ፎቶዎቹ እሷ ስልክ ላይ አሉ ብሎ ያምናል፤ ለዚያ አይደል የተላከው? ስለዚህ መርጦ መሰረዝ ጀመረ። ስልኩ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ከሁሉም መሣሪያዎች ላይ ይጠፋል የሚል ነው፣ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እሺ አለው። ሰርዞም ስልኩ አሁንም ሞልቷል ይላል፤ ምክንያቱም የተሰረዘ ፎቶ ወዲያው አይጠፋም፣ «በቅርቡ የተሰረዙ» የሚባል ቦታ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። ያ 30 ቀን ሰው ተሳስቶ ሲሰርዝ እንዲመልስ የተተወ ዕድል ነው። እሱ ግን የሚፈልገው ቦታ ነበርና እሱንም ገብቶ አጠበው።

በማግሥቱ ጠዋት ዱባይ ላይ ስልኳን ስትከፍት ሁለት ዓመት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው በደንብ ማየት ያለብን። ከፎቶው መጥፋት የማይተናነስ ነገር ቤተሰቡ ውስጥ ገባ። የእሷ ወገኖች «ሆነ ብሎ ነው» አሉ። «ሌላ ፎቶ እንዳታይበት ነው፣ የሚያጠፋው ነገር ቢኖረው ነው» አሉ። ሰውየው ያደረገው ነገር ቢኖር ስልኩን ማጽዳት ነው፤ ሊያስረዳ ቢሞክር ማን ይስማው? እሷም ለጊዜው ተጠራጠረች። ለመተማመን ብለው የከፈቱት አካውንት ንጹሑን ሰው ተከሳሽ አደረገው። አካውንቱ የየራሳቸው ቢሆን ኖሮ እሱ የሚሰርዘው የራሱን ብቻ ነው፤ እሷ ጋ ያለው እሷ ጋ ይቀር ነበር። አንድ የጋራ አልበም ቢከፍቱ ኖሮ ደግሞ ያው የጠዋት ደስታ ሳይጓደል ይደርሳት ነበር፤ ወደ አልበሙ መመለሴ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ፤ «ባልና ሚስት ምን ሚስጥር አላቸው?» ወደሚለው።

ለዚህ አንድ መልስ አለኝ፣ ከራሳችን ቤት የወጣ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ አንድ ቤት አንድ የነፍስ አባት አለው። ባልም ሚስትም የሚመከሩት በእኚያው አባት ነው፤ ቤቱን የሚባርኩት፣ ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ንስሐ ሲገቡ ግን ባል ለብቻው፣ ሚስት ለብቻዋ ነው። ካህኑ የሷን ለእሱ፣ የሱን ለእሷ አይነግሩም። አንድ ሥጋ ሆነዋል ብለው ያጋቧቸው አባት ራሳቸው እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ይሰማሉ። ይህን ሥርዓት የትዳር ጠላት ነው ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሥርዓቱ ሁለት ነፍስ መሆናቸውን ያውቃልና ነው፤ አንድነቱም የሁለት ነፍስ አንድነት በመሆኑ ነው የሚከበረው።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ይኸው፦ በስልኬ ላይ ያለው ሚስጥር ሁሉ የእኔ አይደለም። ሜሪላንድ የምትኖር የልጅነት ጓደኛ አለችኝ። እሷም አይፎን፣ እኔም አይፎን ስለያዝን የምንጻጻፈው በዚያው በስልኩ መልእክት ነበር። አንድ ቀን በሕይወቷ ከደረሰባት ሁሉ ከባዱን ነገር ጻፈችልኝ። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የእሷ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መልእክቱ ባለቤቴ ስልክ ላይም ደረሰ፤ ለእሱ የመጣ መስሎት ከፈተው፣ አነበበው፣ ደነገጠ። መልካም ሰው ነው። ከቀናት በኋላ ስታወራን «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ቃሉ የመጣው ከልቡ ነው። እሷ ግን ዝም አለች፤ ያን ዝምታ አሁንም እሰማዋለሁ። እሷ የነገረችው ለእኔ ነበር፤ ባለቤቴን አላማከረችም፣ አላገባችውምም። ከዚያ ወዲህ የምትልክልኝ የበዓል ሰላምታ ብቻ ነው። እኔ ከባለቤቴ የምደብቀው ላይኖረኝ ይችላል፤ እህቴ፣ ጓደኛዬ፣ የሥራ ባልደረባዬ አምነው የሰጡኝን የመስጠት መብት ግን ከየት አመጣሁ? «ሚስጥር የለንም» የሚሉ ባለትዳሮች ይህን ጥያቄ ሲመልሱ አልሰማሁም።

ደግሞም መተማመን የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እናስብ። ለባሌ ሳልነግረው ልቀር የምችለውን ነገር ፈቅጄ ስነግረው አመንኩት እባላለሁ። ነገሩ ሳልናገር በራሱ ስልክ ላይ ቢወጣለት ምን ሰጠሁት? የእሱም እንዲሁ ነው። አንድ አካውንት መተማመንን አያሳድግም፤ መተማመን የሚታይበትን አጋጣሚ ነው የሚወስደው። ባለቤቴ ዛሬ የስልኬን ኮድ ያውቃል፣ እኔም የእሱን አውቃለሁ፤ ይህን አልቃወምም። የቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው እንኳ መኝታ ቤት ሲገባ ያንኳኳል። በሩ የተነቀለ ቤት ግን ማንኳኳትም መፍቀድም የለውም።

ከዚህ በላይ የሚያስቆጣኝ ጉዳይ አለ፤ እስካሁን በለስላሳው የተናገርኩት ወደዚህ ለመድረስ ነው። «የጋራ» የምንለው አካውንት በማን ስም ነው? በእኛ ቤት ኢሜይሉ የባለቤቴ ነበር፣ የትውልድ ቀኑ የእሱ፣ ማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር የእሱ። ባለፈው ዓመት ስልኬ ወድቆ ተሰበረና አዲስ ገዛሁ። ልግባ ስል ኮድ ተጠየቅሁ፤ ኮዱ የሚሄደው ባለቤቴ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ለመስክ ሥራ ወጥቷል። ሁለት ቀን የገዛ ፎቶዬንና የገዛ ቁጥሮቼን ለማየት የባሌን መመለስ ጠበቅሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ አካውንቱ የጋራችን አልነበረም። የእሱ ነበር፣ እኔ እንግዳ ነበርኩበት። በየቤቱ ብትጠይቁ ብዙውን ጊዜ እንግዳዋ ሚስት ናት።

እንግድነቱ በሰላም ጊዜ አይታይም። ሲጣሉ ይታያል። በአንድ አካውንት ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ «ስልኬን ፈልግ» በሚለው ካርታ ላይ ይወጣል፤ አንዱ ሌላው የት እንዳለ በማንኛውም ሰዓት ያያል። ማየት ብቻ አይደለም፤ ከዚያው ገጽ ላይ ስልኩን «ጠፍቷል» ብሎ መቆለፍ፣ ሙሉ በሙሉ ማጽዳትም ይቻላል። መልእክቶችን በአይክላውድ ማስቀመጥ ከተከፈተ ደግሞ ተራው አጭር መልእክትም ይተላለፋል፤ ባንክ የሚልከውም ጭምር። ሴትየዋ ለእናቷ መድኃኒት ብላ አንድ ሺሕ ብር ብትልክ ይታያል። የምትሄድበት ይታያል፣ የፈለገችው ነገር ይታያል፣ ያስቀመጠችው ይለፍ ቃል ሁሉ አብሮ ይመጣል። ትዳሩ ሰላም ሲሆን ይህ ሁሉ ምንም አይመስልም። የሚደበድባት ባል ያላት ሴትስ? ምክር ፈልጋ ወደ ማን ትጽፋለች? ወደ የት ትሄዳለች? አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ስልኩ ላይ የደኅንነት ፍተሻ የሚባል ነገር የጨመረው ይህ አደጋ በእርግጥ ስላለ ነው፤ ከትዳር ጓደኛ ጥቃት የሚሸሽ ሰው ለሌላው የሰጠውን መዳረሻ በአንድ ጊዜ እንዲዘጋበት የተሠራ ነው። «አንድ አካውንት የፍቅር ምልክት ነው» ብለን ለወጣት ሙሽሮች የምንመክር ሰዎች ይህን እያወቅን ነው ወይ የምንመክረው?

መለያየት ሲመጣም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አይፎን ባለቤቱ ካልፈታው በቀር በአካውንቱ ይቆለፋል፤ አንድሮይድ ስልኮችም ከ2015 ወዲህ ይህን የመሰለ መቆለፊያ አላቸው። ይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ከሆነ የሌላው እጅ ላይ ያለው ስልክ ከዛሬ ነገ ጡብ ይሆናል። የሞባይል ሱቆች «አይክላውድ የያዘው» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ የሚሸጠው ለዕቃ ብቻ ነው።

ሕጋችን እንኳ ከእኛ ልማድ ይሻላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ሲጋቡ የነበራቸውን፣ ከተጋቡም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙትን የግል ንብረታቸው አድርጎ ይተውላቸዋል፤ የየግላቸውንም የየራሳቸው ያስተዳድራሉ። ይህ ሕግ ትዳርን ያፈርሳል የሚል የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት እንዳይደፈር ሲጠብቅ «ያገባ ሰው ሲቀር» አላለም። ለበሬና ለመሬት፣ ለቤትና ለመኪና የግልና የጋራ ብለን ስንለይ ኖረን፣ የሰው ልብ የተጻፈበትን ነገር ስንይዝ መለየት ያሳፍረናል።

«ወጪው ነው» የሚሉ አሉ፤ ይህን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ ይመልሰዋል። አፕል ለአንድ አካውንት 5 ጊጋ በነጻ ይሰጣል፣ ጉግል 15 ጊጋ። ሁለት ሰው በአንድ አካውንት ሲኖር ያችኑ ይካፈላል፤ በሁለት ሲኖር እጥፍ ነው። የሚከፈልበትን የሚፈልጉም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አፕል ቤተሰብ እስከ ስድስት ሰው ድረስ አንዱን ክፍያ እንዲጋራ ፈቅዷል፤ ጉግልም ለስድስት ሰው እንዲሁ አለው። የአንዱ ፎቶና መልእክት ለሌላው ሳይታይ ቦታው ብቻ ይጋራል። አፕል ራሱ አካውንታችሁን ለቤተሰብ አባል እንኳ አታጋሩ ይላል። ሁለት ስልክ አንዱ የሌላውን ፎቶ ሲያወርድ የሚበላው የኢንተርኔት ፓኬጅም ከኪሳችን ነው የሚወጣው።

የልጆች ፎቶስ? ልባችንን የሚይዘው እሱ ነውና አልበሙን ልመልስ። የጋራ አልበም ከፍቶ ሁለቱም የመረጡትን መጨመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ አይፎን ላይ እስከ ስድስት ሰው የሚጋራው ሙሉ የፎቶ ማኅደር አለ። በሁለቱም የጋራው የጋራ ሆኖ የግሉ የግል ይቀራል። የአክስቴ ልጅ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ እንዳለ የነገራት ግን አልነበረም።

«አንዱ ቢሞትስ? ሌላው እንዳይቸገር ነው አንድ ያደረግነው» የሚለው ሥጋት ግን ከልብ ነውና በቁም ነገር እመልሰዋለሁ። የሞተው ሰው ባለቤት የነበረበት የጋራ አካውንት የቀረውን አያድንም። ኮዱ የሚላከው በሟቹ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሳይሠራበት ሲቆይ ይዘጋል፣ ለሌላ ደንበኛም ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ የተሠራ መንገድ አለ፦ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ «እኔ ባልኖር ይህ ሰው ይክፈትልኝ» ብሎ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስችላል፤ ጉግል ደግሞ ከ2013 ጀምሮ አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቢቀር በውስጡ ያለው ለማን እንደሚሰጥ ያስመርጣል። ሁለቱም የሚሠሩት ሰው የራሱ አካውንት ሲኖረው ነው።

እኛ አካውንታችንን የለያየነው አንድ እሁድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጀምረን ማታ ጨረስን። ከእኛ ስህተት እንድትድኑ አንዱን ብቻ አጥብቄ ልንገራችሁ፦ አካውንቱን ለያይታችሁ ሳትጨርሱ ምንም አትሰርዙ። መጀመሪያ ፎቶው ሁሉ በኮምፒውተር ወይም በሀርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ ተከፍቶም ይታይ። ከዚያ አንዱ በነበረው አካውንት ይቀራል፣ ሌላው ይወጣል። ሲወጣ ስልኩ «ቁጥሮቹን ላስቀርልህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይቅሩ በሉት። የወጣው ሰው በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር አዲስ ይከፍታል። የቀረውም ይለፍ ቃሉን ይቀይርና ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ላይ የሌላውን ስልክ ያወጣል። ያኔ ነው እያንዳንዱ የእሱ ያልሆነውን ቁጥር የሚሰርዘው። እኛ ቸኩለን አስቀድመን መሰረዝ ጀመርንና «የእድር ጸሐፊ» ለሁለተኛ ጊዜ ጠፉ።

ሙሽሮችን የምትመክሩ ሽማግሌዎችና እናቶች፣ ቡና ላይ የምታመሰግኑ ጎረቤቶች፣ ይህን ምክር እባካችሁ ተዉት። «የራሴ አለኝ» ያለችውን ሴት በዝምታ አትክሰሷት። ባለትዳሮችም ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና ቅንብሩ ውስጥ ከላይ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ፣ ኮዱ በማን ቁጥር እንደሚሄድ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩ።

የአክስቴ ልጅና ባሏ ታርቀዋል። አሁን ሁለት አካውንትና አንድ የጋራ አልበም አላቸው። አልበሙ የሚጀምረው ልጅቷ ከሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው።